አንድ እድር፣ አራት ዓመት፦ ሶሺዮሎጂን በዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ የአጠናን መመሪያ

ወደ ሶሺዮሎጂ ዲፓርትመንት የሚገቡ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ ትምህርቱ ዳር ድንበር የለውም የሚል ነው። በአንድ ሴሚስተር ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ወንጀልና ስለ ሕዝብ ቁጥር ይማራሉ፤ በሚቀጥለው ስለ ጤና፣ ስለ ፋብሪካ ሠራተኛና ስለ ገጠር ኑሮ ይማራሉ። እያንዳንዱ ኮርስ የራሱ ሀንድአውትና የራሱ ፈተና ስላለው፣ ፈተናው ሲያልፍ ኮርሱም አብሮ ይረሳል፤ በመጨረሻው ዓመት ርዕስ ምረጡ ሲባል ደግሞ ያን ሁሉ ኮርስ የወሰደ ተማሪ አንድም የራሱ የሆነ ጥያቄ ሳይኖረው ይቀራል።

ለዚህ ችግር የማቀርበው የአጠናን ዘዴ አንድ ነው። በቅርብ የምታውቁትን አንድ ማኅበራዊ ተቋም ምረጡና ከመግቢያው ኮርስ ጀምራችሁ እስከ መመረቂያ ጽሑፉ ድረስ ይዛችሁት ዝለቁ። ዕቁብ፣ ሰንበቴ፣ ደቦ፣ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች፣ የቀን ሠራተኞች ሥራ ለመፈለግ የሚቆሙበት አደባባይ፣ ማንኛቸውም ይሆናሉ። እኔ በምሳሌነት የምወስደው እድርን ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ባለሥልጣኑም የቀን ሠራተኛውም ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈ ደንብና የአባላት መዝገብ አለው፤ የስብሰባው ቀንም የታወቀ ስለሆነ ለጀማሪ አጥኚ ይመቻል።

አንደኛ፦ ዲፓርትመንት ከመምረጣችሁ በፊት

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት የፍሬሽማን ዓመት ሲሆን፣ የዲፓርትመንት ምደባ የሚደረገው ከዚያ በኋላ በተማሪው ምርጫና በውጤቱ ነው። ብዙዎች እነዚህን ኮርሶች ለማለፍ ብቻ ያነቧቸዋል። ሶሺዮሎጂ የምታስቡ ከሆነ ግን አራቱን በተለየ ትኩረት ያዙ። አንትሮፖሎጂ ባህልን ከውጭ ሳይሆን ከባለቤቱ ዓይን ማየትን ያስተምራል፤ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ዛሬ የምታዩት ነገር ከየት እንደመጣ የመጠየቅ ልማድ ያሲዛል፤ ሎጂክ ማስረጃን ከአስተያየት ለመለየት ይረዳል፤ ሒሳቡ ደግሞ ስታቲስቲክስ ላይ ስትደርሱ ስንቅ ይሆናችኋል። ከሒሳብ ለመሸሽ ብሎ ማኅበራዊ ሳይንስን መምረጥ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሶሺዮሎጂ ውስጥ ቁጥር የማያውቅ ተማሪ የሌሎችን ሠንጠረዥ ከመቅዳት አያልፍም።

የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ የምታጠኑት ሰው የሚናገረው ግን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ የአገር ቋንቋ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በደብተራችሁ ጀርባ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ፤ በአንዱ ዓምድ መምህሩ የተጠቀመበትን ቃል፣ በሌላው ሰፈር ውስጥ ሰው በእርግጥ የሚለውን ቃል አስፍሩ። ኖርም ሲባል ደንብ፣ ወግ ወይስ ሥርዓት ነው? ሐሜትና ኩርፊያ ከየትኛው ጽንሰ ሐሳብ ሥር ይገባሉ? ይሉኝታ የሚለው ቃል ብቻውን ስለ ማኅበራዊ ቁጥጥር አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚወጣው ነው፤ አንድ ለአንድ የሚተካው የእንግሊዝኛ ቃልም አታገኙለትም። ይህ ዝርዝር በኋላ መጠይቅ ስታዘጋጁ ከማንኛውም መዝገበ ቃላት ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛ፦ ሶሺዮሎጂን ከጎረቤቶቹ ለዩ

አንድ የእድር አባል ሦስት ወር መዋጮ ሳይከፍል ቀረ እንበል። የሳይኮሎጂ ተማሪ ስለ ሰውዬው ስሜትና ውሳኔ ይጠይቃል፤ የሶሻል ወርክ ተማሪ ቤቱ ድረስ ሄዶ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ያያል፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ገቢውንና ወጪውን ያሰላል፤ የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ሰፈሩ ውስጥ ሰንብቶ የመዋጮና የውለታ ትርጉም ምን እንደሆነ ይመረምራል። የሶሺዮሎጂ ተማሪ ደግሞ መጀመሪያ መዝገቡን ገልጦ ሌሎች ስንት እንዳልከፈሉ ይቆጥራል፤ ያልከፈሉት ተከራዮች ናቸው ወይስ ባለቤቶች፣ አዲስ መጤዎች ናቸው ወይስ ነባሮች፣ ችግሩስ የጀመረው ሰፈሩ ውስጥ ምን ሲለወጥ ነው ብሎ ይጠይቃል።

አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ሲ. ራይት ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1959 ይህንኑ በግል ችግርና በሕዝብ ጉዳይ መካከል ያለ ልዩነት አድርጎ አስረድቶታል፤ 100,000 ነዋሪ ባለበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ቢያጣ የሰውዬውን ጠባይና ሙያ እንመረምራለን፤ 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ሲያጣ ግን መመርመር ያለበት የአገሩ አወቃቀር ነው። የትምህርቱን ፀባይ ለመረዳት ለሚቸገር ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ሦስተኛ፦ ንድፈ ሐሳብ ከመማራችሁ በፊት ያያችሁትን ጻፉ

በመጀመሪያው ሴሚስተር ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ የሰፈራችሁን የእድር ጸሐፊ አነጋግሩና ደንቡን እንድታነቡ፣ ከተፈቀደም መዝገቡን እንድታዩ ጠይቁ። ስም ሳትገለብጡ አሠራሩን ብቻ መዝግቡ። መዝገቡ ምን ምን ዓምድ አለው? አባሉ የተመዘገበው በማን ስም ነው፣ በአባወራው ወይስ በሁለቱም? ባል ሲሞት ስሙ ተሰርዞ የሚስቱ ስም በላዩ ይጻፋል ወይስ እሷ እንደ አዲስ አባል መግቢያ ትከፍላለች? ቀብር የቀረ ሰው ስንት ይቀጣል፣ ስም የሚጠራውስ መቼ ነው፣ ከቀብር መልስ ድንኳን ሥር ነው ወይስ መቃብሩ ቦታ? ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን ማን ይጠብቃል? ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ደመወዝተኛ ነው ወይስ አባል?

ይህን ሁሉ ያለ ምንም ትንታኔ በአራትና በአምስት ገጽ ጻፉ። ተማሪዎች ማብራሪያውን ቸኩለው ስለሚያስቀድሙ ያዩትን ነገር በሥርዓት መግለጽ ሳይለምዱ ይመረቃሉ። አንዲት የተሰረዘች ስም፣ በጎኗ የተጻፈችው ቀንና በሌላ ቀለም የተጨመረው ስም፣ ስለ ርስት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት ብዙ ነገር ይዘዋል።

አራተኛ፦ ሊቃውንቱን ሥራ አሠሯቸው

የንድፈ ሐሳብ ኮርስ ብዙ ጊዜ የሚጠናው በስምና በዓመተ ምሕረት ነው፤ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት ሶሺዮሎጂ የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አስተዋወቀ፣ ከእርሱ አራት ከግማሽ መቶ ዓመታት ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1377 የሰሜን አፍሪካው ሊቅ ኢብን ኻልዱን የዘላንና የከተማ ኅብረተሰብን ትስስር መረመረ፣ ወዘተ። ይህን መያዝ ለፈተና ይበጃል። ንድፈ ሐሳቡ የእናንተ የሚሆነው ግን ስለ እድሩ የጻፋችሁትን ማስታወሻ እያንዳንዱ ሊቅ እንዲያነበው ስታደርጉ ነው።

ፈረንሳዊው ሶሺዮሎጂስት ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1893 ኅብረተሰብን የሚያስተሳስረው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቆ፣ በመመሳሰል የሚመጣን ትስስር የሥራ ክፍፍል ከሚያመጣው ትስስር ለየ። እድር ከየትኛው ይመደባል? በአንድ ሙያ የተሰማሩ ሰዎች የሚያቋቁሙት የመሥሪያ ቤት እድርና የተለያየ ሥራ ያላቸው ሰዎች የሚኖሩበት የሰፈር እድር አንድ ዓይነት መልስ አይሰጧችሁም። ማክስ ቬበር ደግሞ የተጻፈ ደንብ፣ የተከፋፈለ ሥልጣንና የተደራጀ ፋይል የዘመናዊ አስተዳደር መለያ መሆኑን ስላስተማረ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው የጎረቤቶች ማኅበር ምን ያህል ቢሮክራሲ እንደሆነ በእርሱ መለኪያ መዝኑት። ካርል ማርክስን ስታነቡ የመግቢያውን ክፍያ አስቡ፤ ነባሩ እድር ያጠራቀመውን ንብረት ለመካፈል አዲስ አባል ብዙ ገንዘብ ሲጠየቅ በር የሚዘጋበት ማን ነው? ኧርቪንግ ጎፍማን የሰዎችን ግንኙነት እንደ መድረክ ፊትና ጀርባ ያየዋል፤ ድንኳን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ለቅሶ ደራሽና ጓዳ ውስጥ ስለ እንጀራው ማነስ የሚከራከሩት ሴቶች በአንድ ለቅሶ ላይ ያሉ ሁለት ገጾች ናቸው።

ስለ አገራችን የተጻፈውንም በዚሁ መንፈስ አንብቡ። አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ከመንዝ የመስክ ሥራው ተነሥቶ ስለ አማራ ባህል ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ የኢትዮጵያን ሕዝቦች በሙሉ እንደ አንድ የተሳሰረ ኅብረተሰብ ለማየት ሞከረ። ሁለቱን ተከታትሎ ማንበብ አንድ ምሁር ጥያቄውን እንዴት እንደሚያሰፋ ያሳያል፤ ስትስማሙም ስትቃወሙም ግን የገጹን ቁጥር ይዛችሁ፣ ማስረጃችሁን አቅርባችሁ ይሁን። በአዲስ አበባ የምትማሩ ከሆነ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የሌሎችን የቆዩ ጥናቶች የምታገኙበት ቦታ ነውና አዘውትሩት።

አምስተኛ፦ በየኮርሱ ስለዚያው ተቋም አንድ ጥያቄ ጨምሩ

የትምህርቱ ስፋት ጥቅም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የቤተሰብ ሶሺዮሎጂ ስትማሩ የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለባልና ለሚስት እኩል መብት መስጠቱን አንብቡና በእድሩ መዝገብ ካለው የአባወራ አመዘጋገብ ጋር አስተያዩት። የከተማ ሶሺዮሎጂ ላይ ስትደርሱ ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወሩ ሰዎችን ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ አዲስ እድር አቋቁመዋል፣ አንዳንዶቹ ሁለት ታክሲ ይዘው የድሮ እድራቸው ስብሰባ ላይ ይገኛሉ፤ ለምን እንደሚመላለሱ የሚሰጡት ምክንያት ከተማ ማለት ሕንፃ ብቻ አለመሆኑን ከየትኛውም ሀንድአውት አብልጦ ያስረዳል። በገጠር ሶሺዮሎጂ የጉልበት መረዳጃዎቹን፣ ደቦንና ወንፈልን፣ ከእድር ጋር አነጻጽሩ። የጤና ሶሺዮሎጂ ኤችአይቪ በተስፋፋበት ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ወደ መርዳት እንዴት እንደተሸጋገሩ እንድትጠይቁ ያደርጋል። የሃይማኖት ሶሺዮሎጂ የክርስቲያንና የሙስሊም ጎረቤቶች በአንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠው የምግቡን ነገር እንዴት እንደሚያስማሙት ያስተውላል። ስለ ወንጀልና ማፈንገጥ የሚሰጠው ኮርስ የገንዘብ ቅጣትን፣ ሽምግልናንና ከአባልነት መሰረዝን በቅደም ተከተል እንድታዩ ይጋብዛል። ስደትን ስትማሩም በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ካቋቋሟቸው እድሮች አንዱ ትልቅ ተግባር አስከሬን ወደ አገር ቤት ማድረስ መሆኑን ታገኛላችሁ።

ለየኮርሱ አንድ ገጽ ይበቃል። ገጹ መልስ ሳይሆን ጥያቄ ይያዝ፤ መልሱን ለመስክ አቆዩት።

ስድስተኛ፦ ቁጥርን በሁለት አቅጣጫ አንብቡ

ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1897 ራስን ስለ ማጥፋት ባቀረበው ጥናት የግል የሚመስለውን ድርጊት በአገርና በሃይማኖት ከፋፍሎ ስለቆጠረ ነው ማኅበራዊ መልኩን ያሳየን። የእናንተም ሥራ ከመቁጠር ይጀምራል። ለምሳሌ ያህል 40 ወንድና 60 ሴት አባላት ባሉት እድር ውስጥ ባለፈው ስብሰባ 30 ወንዶችና 24 ሴቶች ተገኙ እንበል። ከወንዶቹ የተገኙት 75 በመቶ፣ ከሴቶቹ ግን 40 በመቶ ናቸው። ይህንኑ ቁጥር አዙራችሁ ከተሰብሳቢዎቹ ውስጥ የወንዶቹን ድርሻ ብታሰሉ 56 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ ልዩነቱም አነስተኛ ይመስላል። የመጀመሪያው ስሌት ስብሰባ የመገኘት ዕድል ለማን ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ማን ይበዛል ለሚለው። በኤስፒኤስኤስ፣ ማለትም በስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ፣ ሠንጠረዥ ከማውጣታችሁ በፊት የትኛውን እንደምትጠይቁ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚበላሹት በሶፍትዌር ሳይሆን ይህ ዓረፍተ ነገር ባለመጻፉ ነው።

የአገር አቀፍ መረጃን ስትጠቀሙ መቼና እንዴት እንደተሰበሰበ መጠየቅ ግዴታ ነው። በኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ሦስት ጊዜ፣ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው ቆጠራ ሕዝቡን 73.7 ሚሊዮን ገደማ ያደረሰው ሲሆን፣ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች የተካሄደው ከሌላው አገር ዘግይቶ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ የምታዩት የሕዝብ ብዛት ሁሉ ትንበያ ነውና በጽሑፋችሁ ውስጥ ትንበያ መሆኑን ግለጹ። ስለ ወሊድ ለማጥናት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች ይረዳሉ፤ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው የልጆች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 5.5 የነበረ ሲሆን በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል። ይሁንና የ2016ቱ አማካይ በከተማ 2.3፣ በገጠር 5.2 የሆነን ልዩነት ሸፍኖ የያዘ ነው፤ አማካይ ባያችሁ ቁጥር ከሥሩ ያለውን ልዩነት ፈልጉ።

ሰባተኛ፦ መስክ ስትወጡ

ከዲፓርትመንታችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ መጀመሪያ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ቀበሌው፣ ቀጥሎ ወደ እድሩ ዳኛ ሂዱ። ደብዳቤው በር ያስከፍታል፤ የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ ግን አይተካም። ሰውዬው አልመልስም የማለት፣ መሐል ላይ የማቋረጥና ድምፁ እንዳይቀዳ የመጠየቅ መብት እንዳለው በግልጽ ንገሩት። ለቅሶ ቤት መጠይቅ ይዞ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ እዚያ የምትገኙት ለማስተዛዘን ነው፤ ቃለ መጠይቁ ቢያንስ ሐዘኑ በረድ እስኪል ይቆያል።

ጥያቄ አዘገጃጀትን በተመለከተ ከራሴ ልምድ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው የመስክ ሥራዬ «በእድራችሁ ውስጥ የፆታ እኩልነት አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ያነጋገርኳቸው ሁሉ «አዎ፣ አለ» አሉኝ፤ ከሁለት ሳምንት ድካም በኋላ በእጄ የቀረው ለትንታኔ የማይሆን የአዎንታ ክምር ነበር። አማካሪዬ ወረቀቱን አይተው ጥያቄውን ሰረዙትና በምትኩ «ባለፈው ለቅሶ ድንኳኑን ማን ተከለ? ውሃ ማን ቀዳ? ንፍሮውን ማን ቀቀለ? ከስብሰባው ላይ ማን ማን ተናገረ?» የሚሉትን ጻፉ። ያው ሰዎች ተመልሰው ሲጠየቁ በዝርዝር መለሱልኝ፤ አንዲት እናት ከነስማቸው እየቆጠሩ ሥራው እንዴት እንደተከፋፈለ አስረዱኝ። ከዚያ ወዲህ የምይዘው ደንብ ይህ ነው፦ ስለ አስተያየት ከመጠየቅ በፊት በቅርብ ስለተፈጸመ አንድ ድርጊት ጠይቁ፤ የሀንድአውቱን ቃል ለራሳችሁ አስቀሩና የሰፈሩን ቃል ተጠቀሙ። አዛውንቶችን አንቱ ማለትና የቀረበላችሁን ቡና ተቀምጦ መጠጣትም የሥራው አካል ነው።

ናሙና አወሳሰድ ላይ ተማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር ነው፤ የአባላቱ ቁጥር፣ የስሕተቱ መጠን በራሱ ተባዝቶ፣ በአባላቱ ቁጥር ተባዝቶና 1 ተደምሮበት ለሚገኘው ይካፈላል። 600 አባላት ካሉና የሚፈቀደው የስሕተት መጠን 5 በመቶ ከሆነ፣ 600 ለ2.5 ተካፍሎ 240 ሰው ይወጣል፤ የስሕተቱ መጠን 10 በመቶ ከተደረገ 86 ይበቃል። ቀመሩ ትርጉም የሚኖረው ግን ሰዎቹ ከሙሉ የአባላት ዝርዝር ላይ በዕጣ ከተመረጡ ብቻ ነው። መንገድ ላይ የተገኘን 240 ሰው ጠይቆ ቀመሩን መጥቀስ ስሌት ያለበት ማስመሰል ነው። ዝርዝሩን ማግኘት ካልቻላችሁ ይህንኑ ጻፉና ጥቂት ሰዎችን በጥልቀት አነጋግሩ። አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ደብሊው ኢ. ቢ. ዱቦይስ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው፣ ስለ ፊላደልፊያ ከተማ ጥቁር ነዋሪዎች ያጠናው ጥናት እስከ ዛሬ የሚከበረው በከተማዋ ሰባተኛ ወረዳ ቤት ለቤት እየዞረ በራሱ እግርና በራሱ ጥያቄ ስለሠራው ነው።

ስምንተኛ፦ የመጨረሻው ዓመት

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ መጨነቅ አያስፈልጋችሁም፤ የየኮርሱን አንድ አንድ ገጽ ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ደጋግሞ የመጣውን አንሡ። «የእድር ሚና በማኅበራዊ ልማት» የሚል ርዕስ አትውሰዱ፤ ለማንም አይመለስም። «ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወሩ ተከራዮች ለምን የቀድሞ እድራቸውን አይለቁም» የሚለው በአንድ ሴሚስተር ይመለሳል። ፕሮፖዛሉን ለአማካሪያችሁ ስትሰጡ የመጠይቁን ረቂቅ በአገር ቋንቋ አያይዙት።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል። ፈተናው የዲፓርትመንቱን ዋና ዋና ኮርሶች በአንድነት ስለሚጠይቅ በሞጁል ክምር መሐል ለሚጠፋ ተማሪ ይከብዳል፤ ጽንሰ ሐሳቡን ሁሉ ከአንድ ከሚያውቀው ተቋም ጋር ላያያዘ ተማሪ ግን አብዛኛው የክለሳ ሥራ ነው።

ለሥራ ፍለጋም ከትራንስክሪፕቱ ጎን የሚታይ ነገር ያዙ። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች፣ የሴፍቲኔት ፕሮግራሞች፣ የግብረ ሰናይ ድርጅቶች የክትትልና ግምገማ ክፍሎች፣ የመንገድና የግድብ ፕሮጀክቶች የማኅበራዊ ተፅዕኖ ጥናቶች የሚፈልጉት መጠይቅ የሚያዘጋጅ፣ በኮቦ ቱልቦክስ መተግበሪያ በስልክ መረጃ የሚሰበስብ፣ ሠንጠረዥ የሚያነብና ንጹሕ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ነው።

ጽሑፉ ተጠርዞ ለዲፓርትመንቱ ከገባ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። ያገኛችሁትን የማንም ስም በማይታወቅበት መንገድ በሁለት ገጽ አማርኛ ጻፉና እድሩ በሚሰበሰብበት እሑድ ይዛችሁ ሂዱ። ዳኛው ጊዜ ከሰጧችሁ ቆማችሁ አንብቡላቸው፤ «ይኼ ልክ አይደለም» የሚል ሰው ከተነሣ የተናገረውን እዚያው ጻፉ፤ አንዱን ቅጂም ከመዝገቡ ጋር እንዲቀመጥ ለጸሐፊው ስጡ።